ቴሌብር ለሰባ ዓመት እናት፦ በዕድሜ የገፋ አንጎል እንዴት ይማራል

ልጅ ስልኩን ይዞ ከእናቱ አጠገብ ይቀመጣል። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ትጫኚያለሽ፤ ከዚያ ቁጥሩን ትጽፊያለሽ፤ ከዚያ ብሩን፤ ከዚያ ይሄን ነክተሽ ሚስጥር ቁጥርሽን ታስገቢያለሽ፤ በቃ!» በግማሽ ደቂቃ ተነግሮ አለቀ። እናት «እሺ፣ ገባኝ» ይላሉ። በማግስቱ ግን ከመጀመሪያው እርምጃ አያልፉም። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ልጅ «ተዪው፣ እኔ እልክልሻለሁ» ይላል፤ እናትም «ካረጁ ወዲያ ምን ይገባል» ብለው ስልኩን ያስቀምጡታል።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ጤነኛ የሆነ የሰባ ዓመት አንጎል አዲስ ነገር ይማራል። የተበላሸው ትምህርቱ የተሰጠበት መንገድ ነው፤ በሃያ ዓመት ልጅ ልክ የተሰፋ ልብስ ለእናት ቀረበላቸው። ልኩ የት ላይ እንደሚለያይ ለማወቅ ወደ አንጎል ውስጥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

ምን ይቀንሳል፣ ምን ይቆያል

«ሰው ሲያረጅ የአንጎሉ ሴሎች እየሞቱ ያልቃሉ» የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓከንበርግና ጉንደርሰን የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከ20 እስከ 90 ዓመት ዕድሜ የነበራቸውን የ94 ሟቾች አንጎል መርምረው፣ በላይኛው የአንጎል ንጣፍ ላይ ያሉት የነርቭ ሴሎች በዚያ ሁሉ የዕድሜ ርቀት የሚቀንሱት በ10 በመቶ አካባቢ ብቻ እንደሆነ አሳዩ። ከአሥሩ ዘጠኙ አለ ማለት ነው።

የሚለወጠው በሴሎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የነርቭ ሴልን የግራር ቅርንጫፍ አድርጋችሁ አስቡት። ቅርንጫፉ ላይ እንደ እሾህ የበቀሉ እጅግ ጥቃቅን ጉጦች አሉ፤ ከሌሎች ሴሎች የሚመጣው መልእክት በአብዛኛው የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ቀጫጭኖቹ ቶሎ ይበቅላሉ፣ ቶሎ ይረግፋሉ፣ ከተሠራባቸው ደግሞ ይወፍራሉ፤ አዲስ ትምህርት የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ወፋፍራሞቹ ለዓመታት ይጸናሉ። ባረጁ የሬሰስ ጦጣዎች ላይ በተደረገ ቆጠራ፣ ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ከእነዚህ እሾሆች ሲሶ ያህሉ ጠፍተው ተገኝተዋል፤ የጠፉትም በብዛት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ወፋፍራሞቹ በቦታቸው ነበሩ።

ይህን ያየ ሰው፣ በልጅነታቸው የተማሩትን ዳዊት ዛሬም አንድ ቃል ሳያዛንፉ የሚደግሙ አባት ትናንት የተሰጣቸው ሚስጥር ቁጥር ለምን እንደጠፋባቸው አይገርመውም። ዳዊቱ ከስልሳ ዓመት በፊት ተተክሎ ሥር የሰደደ ነው። ቁጥሩ ገና ለመብቀል ቦታ የሚፈልግ ነው። «ዳዊቱን እያስታወሱ ቁጥሩን የሚረሱት ልብ ሳይሉ ቀርተው ነው» ብሎ መቆጣት ያልተገባ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ፍጥነት ላይ ነው። ከሴል ወደ ሴል መልእክት የሚያደርሱት ረጃጅም ክሮች ማየሊን በሚባል ቅባታማ ልባስ ተሸፍነዋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚለበስ ማለት ነው። ይህ ልባስ እስከ አርባዎቹ ዕድሜ ድረስ እየዳበረ ሄዶ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ እዚህም እዚያም ይላላል። መልእክቱ ይደርሳል፤ ግን ይዘገያል፣ አብረው መድረስ ያለባቸው መልእክቶችም ይቀዳደማሉ። አንድ ሰው አራት እርምጃ በተከታታይ ሲነግራችሁ አራተኛውን ለመስማት የመጀመሪያውን ሠርታችሁ መጨረስ አለባችሁ። የዘገየ አንጎል የመጀመሪያውን ገና እያስተናገደ ሳለ ሦስተኛው ይመጣበታል፤ ሁለተኛው መሐል ላይ ወድቆ ይቀራል። ከውጭ ለሚያየው «ረሱ» ይመስላል። በእውነቱ መጀመሪያውኑ አልገባም።

ሦስተኛው ዶፓሚን ነው፤ የነርቭ ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ። የዶፓሚን መቀበያዎች ከወጣትነት ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። ይህ ንጥረ ነገር ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ዋናውን ጉዳይ ከአካባቢው ጫጫታ ለይቶ ማጉላት ነው። ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ልጆች እየተሯሯጡ፣ ጎረቤት እያወራ ወጣቱ ስልኩ ላይ ማተኮር ይችላል። አዛውንቱ ግን ጫጫታውንም ትምህርቱንም እኩል ይሰማሉ።

የሚቆየውም ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዋርነር ሻይ በተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የተጀመረው የሲያትል ጥናት ለአሥርት ዓመታት ሰዎችን እየተከታተለ ሲለካ፣ ፍጥነትን የሚጠይቁ ፈተናዎች ከወጣትነት ጀምሮ ቀስ እያሉ ሲወርዱ፣ የቃላት እውቀት ግን በስድሳዎቹ ዕድሜም ሳይወርድ ተገኝቷል። የሰውን ጠባይ ማወቅ፣ ነገር ማመዛዘን፣ የኖሩበት ሙያ፣ እጅ የለመደው ሥራ አብረው ይዘልቃሉ። ስም «አፌ ላይ ደርሶ ጠፋኝ» ማለት ይበዛል፤ ስሙ ጠፍቶ ሳይሆን መንገዱ ላልቶ ስለሆነ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱ ይመጣል።

ለመያዝ ይዘገያል፣ ቶሎ ይደበዝዛል

ቲም ብሊስና ተርየ ለሞ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ሥራ፣ ኦስሎ ውስጥ በጥንቸሎች ላይ ሲሠሩ፣ በሁለት የነርቭ ሴሎች መካከል ያለ መገናኛ ተደጋጋሚ የኤሌክትሪክ ምት ሲያገኝ እንደሚጠነክርና ጥንካሬውም ለሰዓታት እንደሚቆይ አሳዩ። ይህ የተገኘው ሂፖካምፐስ በሚባለው፣ አዲስ ትዝታ በሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ነው። አንጎል ከልምድ የተነሳ ራሱን የመለወጥ ችሎታው፣ ባለሙያዎች ፕላስቲሲቲ የሚሉት፣ አንዱ መሠረቱ ይኸው ነው።

ባረጁ አይጦች ላይ ይህ ማጠንከር አልጠፋም። ሁለት ነገር ግን ተለውጧል። አንደኛ፣ ቀለል ያለ ምት ወጣቱን ሴል ሲያነቃ አረጋዊውን ላያነቃው ይችላል፤ ሴሉ አንዴ ከሠራ በኋላ የሚያርፍበት ጊዜ ረዝሟል፣ ለዚህም ወደ ሴሉ የሚገባው የካልሲየም መብዛት ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዋ ካሮል ባርንስ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳየችው፣ የተገኘው ጥንካሬ ባረጁት ላይ ቶሎ ይደበዝዛል።

ቀጥሎ ያለው የማስተማሪያ ዘዴ በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች የሚነሳ ነው። ለመያዝ የሚዘገይ ከሆነ ምቱ ይጠንክር፦ ጸጥታ፣ ሙሉ ትኩረት፣ ለተማሪው ትርጉም ያለው ጉዳይ። ቶሎ የሚደበዝዝ ከሆነ ሳይደበዝዝ ይደገም። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ማስተማር ለዚህ አንጎል የሚሆን አይደለም።

ስልኩን በእጃቸው አድርጉት

ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ጀምሩ፤ በዕድሜ የገፉ ብዙ ሰዎች ትኩረታቸው የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይዘጋ። ብርሃን ከትከሻቸው ጀርባ ይምጣ፤ የስድሳ ዓመት ሰው የዓይን ብሌንና ሌንስ ወደ ውስጥ የሚያሳልፉት ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። የስልኩን ፊደል መጠን ከፍ አድርጉ፣ የስክሪኑን ብርሃን ጨምሩ፤ መነጽር ካላቸው አድርገውት ይቀመጡ። ስትናገሩ ፊታችሁን ያዩ ዘንድ በጎን ሳይሆን በፊት ለፊት ሁኑ።

ሥራውን ለስድስት ክፈሉት፦ መተግበሪያውን መክፈት፣ ገንዘብ መላኪያውን ማግኘት፣ የተቀባዩን ስልክ ቁጥር መጻፍ፣ መጠኑን መጻፍ፣ የሚመጣውን ስም አንብቦ ማረጋገጥ፣ ሚስጥር ቁጥር ማስገባት። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ብቻ አስተምሩ። ሁለት ትንሽ ይመስላል፤ ልጆች የሚያበላሹትም እዚህ ጋ ነው፣ «ይህማ ቀላል ነው፣ እስከ መጨረሻው እናሳይ» ብለው።

ጣቱ የእሳቸው ይሁን። ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ፣ «ቆይ ላሳይሽ» ብላችሁም አትንኩ። የሌላ ሰው ጣት ሲሄድ ማየትና በራስ ጣት መሄድ አንጎል ውስጥ የተለያዩ መንገዶችን ይነካሉ፤ እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያው ዙር ሲያመነቱ አታስገምቱ፤ ወዲያው ንገሩ። የተሳሳተ ግምትም ይመዘገባል፣ በማግስቱ ትክክለኛው ይሁን የተሳሳተው ለመለየት ይቸገራሉ።

ከዚያ ስልኩን ዝጉትና ከአንድ ደቂቃ በኋላ «እስቲ ይክፈቱት» በሉ። ከተሳካ በ2 ደቂቃ፣ በ4፣ በ8፣ በ16 ደቂቃ ድገሙ። መሐሉ ላይ ስለ ስልክ አታውሩ፤ ሌላ ጨዋታ ይኑር። ካቃታቸው ትክክለኛውን ነግራችሁ አሠሯቸውና ወደ መጨረሻ ወደተሳካው ርቀት ተመለሱ፤ 8 ካቃተ ወደ 4። ስትጠይቁ ቢያንስ አሥር ሰከንድ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አሥር ሰከንድ በዝምታ ሲቆጠር ረጅም ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሰከንድ ላይ እየመጣ ሳለ እናቋርጠዋለን።

ለዚህ የሚመች ሰዓት በየቤታችን አለ። ቡና ሲቆላ የመጀመሪያው ሙከራ፣ አቦል ሲቀዳ ሁለተኛው፣ ቶና ላይ ሦስተኛው፣ በረካ ላይ የመጨረሻው። ርቀቱ በራሱ እየሰፋ ይሄዳል፣ መሐሉም በጨዋታ ይሞላል። ጎረቤት የሞላበት ቡና ከሆነ ግን ለሌላ ቀን ይተላለፍ፤ በሰው ፊት መሳሳት የሚያሳፍራቸው ከሆነ ጭንቀቱ ራሱ ትምህርቱን ይጋርደዋል።

ከዚያ በኋላ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ ይደገም። ቀጣዮቹ ሁለት እርምጃዎች የሚጨመሩት የፊተኞቹ በማግስቱ ያለ እርዳታ ሲሳኩ ነው። በዚህ አካሄድ ስድስቱንም ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ብትመድቡ መልካም ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ክፍያ ለእሳቸው ጉዳይ የሆነ ይሁን። የእድር መዋጮ ወይም የእቁብ ክፍያ «ለሙከራ» ከሚላክ ብር ይበልጣል፤ የሚያሳስብና ውጤቱ የሚናፈቅ ነገር ዶፓሚንን ያነሳሳል። ከዚያ በፊት ግን አጠገባቸው ለተቀመጠ ልጅ 5 ብር ይላኩና የልጁ ስልክ ሲጮህ ይስሙት።

ወረቀት ላይ ስድስቱን መስመር በትልቅ ፊደል ጻፉላቸው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል እንዳለ ገልብጡ። ስክሪኑ «ላክ» የሚል ከሆነ ወረቀቱ «አስተላልፍ» አይበል። ሚስጥር ቁጥር ወረቀቱ ላይ አይጻፍ። ቁጥሩ ሥር ካለው ትዝታ ጋር ይታሰር፤ የትውልድ ዓመት ግን አይሁን፣ ለሌባ ቀላል ነው። ደውሎ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ሰው፣ «ከቴሌ ነኝ» ቢልም እንኳ፣ አጭበርባሪ መሆኑ እንደ ሰባተኛ እርምጃ ተቆጥሮ ይለማመዱት።

አንድ ችግር በእርግጥ ይመጣል፦ መተግበሪያው ሲታደስ መልኩ ይለወጣል። እጅ የተማረው ሥራ ከቦታና ከቀለም ጋር ተጣብቆ የሚቀመጥ ስለሆነ፣ ቁልፉ ከግራ ወደ ቀኝ ከዞረ ሁሉም የጠፋ ይመስላቸዋል። አልጠፋም። የተለወጠውን አንድ እርምጃ ብቻ በዚያው በ1፣ 2፣ 4 ደቂቃ ዘዴ አስተካክሉ። ስልክ መቀየርም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ስልክ በስጦታ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

እንቅልፍና እግር

ቀን የተማሩት ማታ ይጸናል። በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ሂፖካምፐስ የቀኑን ውሎ ይደግማል፤ ይህ ጥልቅ እንቅልፍ ደግሞ በዕድሜ ከሚቀንሱት ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ያለውን መጠበቅ ነው። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የማታው ቡና ይቅር፣ የመጨረሻው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጠጣ። የቀን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ።

ስለ እግር ጉዞ ጥሩ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 120 አዛውንቶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን ተራመዱ፤ በ10 ደቂቃ ጀምረው በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ በሰባተኛው ሳምንት 40 ደቂቃ ደረሱ፣ እስከ ዓመቱም ቀጠሉ። ግማሾቹ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠሩ። ከዓመት በኋላ የተራመዱት ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ አድጎ፣ የሌሎቹ ግን በ1.4 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ይህን ያህል ለውጥ አላገኙም፤ ሆኖም ለደም ሥር፣ ለስኳርና ለእንቅልፍ ያለው ጥቅም ብቻውን ይበቃል። ፍጥነቱ እየተራመዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ይሁን። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታና ዳገት በበዛበት ከተማ ሜዳውን መምረጥ ነው፤ ደረት የሚያም ወይም ትንፋሽ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ቆም ብሎ ወደ ሐኪም።

የአንጎል ማሠልጠኛ ተብለው የሚሸጡ ጨዋታዎች ላይ ገንዘብ አታውጡ። አክቲቭ በተባለው ትልቅ ሙከራ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 2,832 ሰዎች ተሳትፈው፣ አብዛኞቹ አሥር አሥር ክፍለ ጊዜ እንዲሠለጥኑ ተመድበዋል። ፍጥነት የሠለጠነ ፍጥነቱ፣ ማመዛዘን የሠለጠነ ማመዛዘኑ ተሻሻለ፤ የሁለቱ ውጤት ከአሥር ዓመት በኋላም ይታይ ነበር፣ የማስታወሱ ሥልጠና ውጤት ግን ያኔ አልቀረም። አንጎል የሚሻሻለው በሠራበት ነው። ቴሌብር መቻል የሚፈልግ ሰው ቴሌብር ይለማመድ።

ከእርጅና ጋር የሚምታታ

«እርጅና ነው» ተብለው ከሚታለፉት ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። መጀመሪያ ጆሮ፦ ኩክ የደፈነው ጆሮ በአንድ የክሊኒክ ጉብኝት ይጸዳል። ለመስማት የሚታገል አንጎል ለማስታወስ የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው። ቀጥሎ መድኃኒት፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ዳያዜፓም፣ እንዲሁም ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጡ እንቅልፍ የሚያመጡ እንክብሎች በአዛውንት ላይ ማስታወስን በግልጽ ያደበዝዛሉ። በድንገት ማቋረጥ ግን አደጋ አለው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰው። የእንቅርት እጢ ሥራ መዳከምና ድብርትም እንዲሁ አንጎልን ያዘገያሉ።

ቫይታሚን ቢ12 ለብቻው መነሳት አለበት። የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ጉበት የሚያጠራቅመው ለዓመታት ስለሚበቃ የዐቢይ ጾም ብቻውን አይጎዳም። ነገር ግን በፍስኩም ሥጋና ወተት እምብዛም የማይቀምሱ፣ ጨጓራቸው በዕድሜ የተዳከመ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስዱ ጿሚ አዛውንት የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። እግር ላይ መደንዘዝ ከመርሳት ጋር ከመጣ አትዘግዩ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። የማስታወስ ፈተና ሲሰጥ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች መካከል ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ ይገኛሉ። እናታችሁ በእኛ አቆጣጠር ትክክለኛውን ይመልሳሉ፣ ተርጓሚው ቃል በቃል ያስተላልፋል፣ መዝጋቢው «ሰባት ዓመት ተሳስተዋል» ብሎ ይጽፋል። ከ30 ነጥብ ሦስቱ እዚያው ይቀነሳሉ። ጠዋት «ሦስት ሰዓት ነው» ቢሉም ያው ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡ ከሆነ ቅርጽ መገልበጥና ዓረፍተ ነገር መጻፍ ሌላ ነጥብ ያስጥላሉ። ከፈተናው በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የልጅ ልጅ ሳይሆን የሠለጠነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሲድኒ የወጣውና በቋንቋና በትምህርት ደረጃ ብዙም የማይዛባው ሩዳስ የተባለ ፈተና እንዲሰጥም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የዕድሜ ነው። ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት አይደለም። ለዓመታት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ ሲመለሱ መንገድ መጥፋት፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅና መልሱን ጭራሽ አለማስታወስ፣ ዕድሜ ልክ የሠሩትን ወጥ ቅደም ተከተል ማጣት፣ የጠባይ መለወጥ፣ ገንዘብ መቁጠር መቸገር፣ እነዚህ ምርመራ ይፈልጋሉ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከተምታታባቸው ደግሞ እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። ስትሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራሳቸው የገዙትንም ጨምራችሁ፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ለውጡ በየትኛው ቀን እንደጀመረም ጽፋችሁ ያዙ።